12 ምርጫ፣ አንድ ዕጣ፦ የዋሽንግተኑ «ማይ ስኩል ዲሲ» ሲገመገም

ዲሴምበር ሲጋመስ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትንሽ ልጅ ያለው ሐበሻ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠያየቃል፤ «ማይ ስኩል ዲሲ ሞላችሁ?» የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና አብዛኞቹ ቻርተር (በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ግን ራሳቸውን ችለው የሚተዳደሩ) ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚደለድሉበት የጋራ የዕጣ አገልግሎት ነው። ለ2014–15 የትምህርት ዘመን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ወላጅ በየቻርተሩ እየዞረ ለየብቻው ቅጽ ይሞላ ነበር። አሁን በአንድ ማመልከቻ እስከ 12 ትምህርት ቤት መምረጥ ይቻላል፤ ክፍያ የለውም።

ዕጣ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብዙው እዚህ የደረሰው በዲቪ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ዘመድም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ ዓመታት ቆጥሯል። ጣጣው የሚመጣው ግን ከዚሁ ልማድ ነው። ማይ ስኩል ዲሲን እንደ ዲቪ ሞልቶ የሚጸልይ ወላጅ ብዙ ነው፤ ይህኛው ዕጣ ግን አሞላሉ ራሱ ውጤቱን ይለውጣል። ስሌቱን ብቻ ብናይ ከ5 ኮከብ 5 ይገባዋል። ወላጁ ዕጣው ጋ እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድና ዕጣው ከወጣ በኋላ የሚጠብቀውን ስንጨምርበት 3 ከሰጠነውም አዝነንለት ነው።

በመጀመሪያ ዕጣ ያስፈለገበት ምክንያት። በአሜሪካ የትምህርት ቤት በጀት ጉልህ ክፍል የሚሰበሰበው ከአካባቢው የቤትና የመሬት ግብር ነው። ቤቱ ውድ በሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ይጠግባል፤ ድሃው ሰፈር ግብሩን ከፍ ቢያደርግ እንኳ የሚሰበስበው ትንሽ ነው። በቴክሳስ የሳን አንቶኒዮ ወላጆች ይህ አድልዎ ነው ብለው ከሰው ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ በ1973 በ5 ለ4 ድምፅ ተሸነፉ። ዲሲ በዚህ በኩል ትለያለች። አንድ ከተማ፣ አንድ ካዝና ስለሆነች ገንዘቡን በተማሪ ቁጥር ታከፋፍላለች። መነሻው በአሁኑ ጊዜ ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ14 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅና የቤተሰቡ ኑሮ ለጠበበበት ልጅ ደግሞ ጭማሪ አለው። በወረቀት ላይ እንግዲህ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ ድሃው የከተማው ክፍል ዋርድ 8 ያለው ትምህርት ቤት ሀብታሙ ዋርድ 3 ካለው የበለጠ ያገኛል።

በተግባር ሲታይ ግን የልጁን ትምህርት ቤት የሚወስነው አድራሻው ነው። የጃክሰን-ሪድ ሁለተኛ ደረጃ ባውንደሪ (ትምህርት ቤቱ የሚያገለግለው የሰፈር ክልል) ውስጥ ቤት መግዛት ወይም መከራየት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ቴንሊታውን አካባቢ ቤት የፈለገ ያውቀዋል። በሰሜን ምዕራብ የሚገኙ አንዳንድ የወላጆች ማኅበራት በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር አሰባስበው ለትምህርት ቤታቸው ይጨምራሉ፤ ወንዝ ማዶ ያለው ማኅበር በኬክ ሽያጭ የሚያገኘው ለአንድ ጉዞ አውቶቡስ ኪራይ ቢበቃ ነው። የከተማው የበጀት ማከፋፈያ ቀመር ይህን አይቆጥርም። ዕጣው የተፈለገው አድራሻ የዘጋውን በር ለመክፈት ነው።

ስሌቱ ሎይድ ሻፕሊና አልቪን ሮት የ2012ን የኢኮኖሚክስ ኖቤል ካገኙበት የማጣመር ጥናት የተወለደ ነው። አሠራሩ ሲታይ እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የዕጣ ቁጥር ይሰጣል፣ ቁጥሩም በመረጣቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ያው ነው። ከዚያ በአንደኛ ደረጃ የመረጠውን ያያል። እዚያ ቦታ ካለ፣ ወይም ልጁ ከሌሎቹ የሚቀድምበት ምክንያት ካለው ይይዝለታል፤ ከሌለ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። እንበል አንዲት ልጅ አምስት ትምህርት ቤት ደረደረች፣ ሦስተኛው ተቀበላት። ከአራተኛውና ከአምስተኛው ስሟ ወዲያው ይሰረዛል። በአንደኛውና በሁለተኛው ግን ወረፋ ትይዛለች። አንዱም ያልተቀበለው ልጅ በሁሉም ወረፋ ይገባል።

ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ያውም በሦስት መንገድ። አንደኛው «የማይሆን ነገር አንደኛ አድርጌ ዕድሌን አላባክንም» ብሎ ቀላል የሚመስለውን ትምህርት ቤት ከላይ የሚያስቀምጠው ነው። ከላይ ማስቀመጥ ተጨማሪ ነጥብ አያስገኝም፤ ትምህርት ቤቶቹም ስንተኛ እንዳደረጋችኋቸው አያዩም። ተፈላጊው ትምህርት ቤት አንደኛ ሆኖ ባይሳካ ልጁ ሁለተኛው ላይ ያለውን ዕድል አንዲት ነጥብ አይቀንስበትም። ቀላሉን ከላይ ካደረጉት ግን ኮምፒውተሩ ያንኑ ይሰጥና ሥራውን ይጨርሳል፤ ከሥር ያለው ተሰርዟል። ሁለተኛው ስህተት የሰፈር ሰው ሁሉ የሚያወራላቸውን ሁለት ስመ ጥር ቻርተሮች ብቻ መሙላት ነው። ወረፋቸው በመቶዎች የሚቆጠር ስለሆነ ውጤቱ ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ 12ቱን ቦታ ለመሙላት ሲባል ልጁን በፍጹም የማይልኩበትን ትምህርት ቤት መጨመር። ያ ትምህርት ቤት ከደረሰ ከሥሩ ያሉት ይሰረዛሉ፣ እሱንም አይወስዱትም። በእውነት የሚወዱትን በእውነተኛው ቅደም ተከተል መደርደር ብቻ ነው የሚያዋጣው። ማይ ስኩል ዲሲ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ስንት ቦታ እንደቀረበና ከወረፋው ስንት ልጅ እንደተጠራ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከቡና ላይ ወሬ ይልቅ እሱን ማየት ይጠቅማል።

ቀኖቹ ላይ ምሕረት የለም። ማመልከቻ የሚከፈተው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ የሚዘጋው ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ከፒኬ 3 (የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል) እስከ 8ኛ ክፍል ላለው ደግሞ ማርች መጀመሪያ ነው። ውጤት የሚወጣው በማርች መጨረሻ ሲሆን፣ የደረሰውን ቦታ ለመያዝ እስከ ሜይ 1 ሄዶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ከመዝጊያው በፊት በመጀመሪያው ቀንም ሆነ በመጨረሻው ሰዓት መሙላት ልዩነት የለውም፤ ሌሊት ተነስቶ መሽቀዳደም አያስፈልግም። በማግስቱ የሞላ ግን ዕጣው ውስጥ የለም፤ ከቀደሙት ኋላ ይሰለፋል።

አንድ ነገር ደግሞ በከንቱ ያስጨንቃል። ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል ማንኛውም የዲሲ ልጅ በባውንደሪው ትምህርት ቤት የመማር መብት አለው፤ ዕጣ አያስፈልገውም፣ ሄዶ መመዝገብ ነው። ዕጣ የግድ የሚሆነው ከባውንደሪ ውጭ ለሚፈልግ፣ ቻርተር ለሚፈልግና ለፒኬ 3 እና ለፒኬ 4 ነው። ለእነዚህ ለትንንሾቹ የገዛ ሰፈራቸው ትምህርት ቤት እንኳ መብት አይደለም። ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለባውንደሪያቸው ልጆች ዋስትና ይሰጣሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ማመልከቻው በጊዜው ሲገባ ነው። ፒኬ 3 ማለት ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ የግል ዴይኬር በዓመት ከ20 ሺህ ዶላር በላይ በሚጠይቅበት ከተማ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በነፃ ይማራል።

ዕድሜው የሚቆጠረው እስከ ሴፕቴምበር 30 ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ የቀን አቆጣጠር ወላጅን ጉድ ሊሠራው ይችላል። አገር ቤት ተወልዶ የልደት ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ልጅ እንውሰድ። መስከረም 20 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ነው የተወለደው፤ በመጨረሻዋ ቀን አለፈ። መስከረም 20 ቀን 2016 የተወለደው ግን ከጳጉሜን 6 በኋላ ስለሆነ ቀኑ በአንድ ይገፋና ኦክቶበር 1 ቀን 2023 ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። ተርጓሚው በግምት «ሴፕቴምበር 30» ብሎ ቢጽፍና ፓስፖርቱ ሌላ ቢል ደግሞ ምዝገባው ይንጠለጠላል። ቀኑን በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ብቻ ሙሉ።

ዕጣ ወጥቶ ቦታ ከተገኘ በኋላ ብዙ ሐበሻ የሚደናቀፍበት የነዋሪነት ማስረጃው ነው። ማመልከቻው ላይ ወረቀት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በምዝገባ ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ሰው አስቀድሞ አያስብበትም። ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው አንድ ወረቀት ይበቃል፤ የዲሲ ግብር የተቆረጠበት የቅርብ ጊዜ ፔይ ስታብ (የደመወዝ መክፈያ ወረቀት)፣ ከዲሲ መንግሥት የሚሰጥ የእርዳታ ደብዳቤ ለምሳሌ የፉድ ስታምፕ ወይም የሜዲኬይድ፣ አለዚያም በግብር መሥሪያ ቤቱ የተረጋገጠ የዲ-40 የግብር ቅጽ። በሁለተኛው ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል፤ የዲሲ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ የዲሲ የመኪና ምዝገባ፣ ኪራይ ከተከፈለበት ማስረጃ ጋር የቀረበ ሊዝ (የኪራይ ውል)፣ ወይም የተከፈለ የመብራት፣ የጋዝ ወይም የውኃ ቢል። የስልክና የኢንተርኔት ቢል አይቆጠርም።

አሁን የእኛን ሰው ኑሮ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዲሲ እየኖረ ቨርጂኒያ፣ ለምሳሌ አውሮፕላን ማረፊያው ፓርኪንግ የሚሠራ አባት አሠሪው የቨርጂኒያ ግብር የሚቆርጥበት ከሆነ ፔይ ስታቡ ዋጋ የለውም። የነዋሪነት ቅጽ ሞልቶ ግብሩ የዲሲ እንዲሆን ማስደረግ ይችላል፤ ግን ቀጣዩ ደመወዝ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ስለዚህ ጃንዋሪ ላይ መጀመር ነው ያለበት። ኡበር የሚነዳው ፔይ ስታብ ጭራሽ የለውም፤ የእሱ ወረቀት ዲ-40 ነው። ቤዝመንት ተከራይቶ በእጅ ጥሬ ብር እየከፈለ፣ መብራቱ በአከራዩ ስም ሆኖ፣ ያለ ሊዝ የሚኖር ቤተሰብ ሁለተኛው መንገድ ተዘጋበት ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ ኪራዩን በቼክ ወይም በመኒ ኦርደር መክፈል ቢጀምርና አጭርም ቢሆን የተፈረመ ውል ቢይዝ ያመልጣል። ምንም ወረቀት ያልተገኘለት ትምህርት ቤቱን የቤት ጉብኝት እንዲያደርግለት መጠየቅ ይችላል። ቤት አጥቶ ዘመድ ጋ የተጠጋ ቤተሰብ ደግሞ በፌዴራሉ የማኪኒ-ቬንቶ ሕግ መሠረት ቤት እንደሌለው ይቆጠራል፤ ወረቀት የለህም ተብሎ ልጁ ከትምህርት ቤት አይመለስም። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ይሉኝታ ይይዘዋል።

ስም ሌላው ጣጣ ነው። እኛ ጋ ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም፣ እናት በአባቷ ስም፣ አባትም በአባቱ ስም ስለሆነ ሦስቱ በአንድ ቤት እየኖሩ በመዝጋቢው ዓይን ሦስት የተለያየ ቤተሰብ ይመስላሉ። የሚያስመዘግበው ወላጅ በነዋሪነት ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለበት ሰው መሆን አለበት። ሊዙ በባል ስም ከሆነ ሚስት ብቻዋን ሄዳ ቀኗን ታጠፋለች። የልጁን የልደት ወረቀት ከነትርጉሙ ይዞ መሄድ ነው፣ የወላጅና የልጅ ዝምድና የሚታየው እዚያ ላይ ነውና። ፀሐይን በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፤ በሁሉም ወረቀት ላይ አንዱን ብቻ ያዙ።

የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠየቅም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በፕላይለር ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ወረቀት የሌለው ልጅም ትምህርት ቤት የመግባት መብት አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ እየኖሩ በዲሲ ዘመድ አድራሻ መሙላትን በተመለከተ ባጭሩ፦ አታድርጉት። ከዲሲ ውጭ የሚኖር ልጅ የትምህርት ክፍያ አለበት፤ በውሸት የገባ ሲገኝ ከተማው ይከሳል፣ ሕጉም ካሳውን እስከ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል።

ከ2022–23 የትምህርት ዘመን ወዲህ የተጨመረው ምርጥ ነገር «ኢኩዊተብል አክሰስ» የሚሉት ቅድሚያ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከቦታቸው የተወሰነውን ኑሮ ለጠበበባቸው ልጆች ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ፉድ ስታምፕ ወይም ታንፍ (ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የገንዘብ እርዳታ) ለሚያገኝ ቤተሰብ፣ ቤት ለሌለው ቤተሰብ፣ በመንግሥት ጥበቃ ሥር በጊዜያዊ አሳዳጊ (ፎስተር ኬር) ላለ ልጅ። በማመልከቻው ላይ ጥቂት ጥያቄዎች መመለስ ብቻ ነው። ተፈላጊ ትምህርት ቤት ላይ ይህ ቅድሚያ ከጥሩ የዕጣ ቁጥር ሊበልጥ ይችላል፤ ሆኖም ፉድ ስታምፕ እያገኘ ይህን ጥያቄ ዘሎ የሚያልፍ ወላጅ አለ፣ «ስማችን ይታያል» ብሎ። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ልጅ የሚያገኘው ተጨማሪ በጀትም የሚታሰበው በእነዚህ መመዘኛዎች ነው። እርግጥ ያ ተጨማሪ ገንዘብ ለታሰበለት ሥራ ሁልጊዜ አይውልም። ለመደበኛ ወጪ መሸፈኛ እንደሚሆን የከተማዋ ኦዲተር ቀደም ሲል ነቅፏል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትጎበኙ ርእሰ መምህሩን «በዚህ ገንዘብ ዘንድሮ ማንን ቀጠራችሁበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ዕጣው ከሰጠው መልሶ የሚነጥቀው ደግሞ መጓጓዣው ነው። ዲሲ ውስጥ ልዩ ድጋፍ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች በቀር ቢጫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የለም። «ኪድስ ራይድ ፍሪ» የሚባለው ካርድ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 21 ለሆኑ ተማሪዎች ባቡርና አውቶቡስ ነፃ ያደርጋል፤ ግን የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ባቡር አትሳፈርም። ከዋርድ 7 ተነስቶ ከተማዋን አቋርጦ ልጅ አድርሶ፣ ተመልሶ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሆቴል ሥራ መግባት በሒሳብም አይሆንም። ስለዚህ 12ቱን ቦታ ከመሙላታችሁ በፊት በሥራ ቀን ጠዋት አንድ ጊዜ መንገዱን ሂዱበት፤ ከትምህርት በፊትና በኋላ ልጅ የሚያቆዩበት ፕሮግራም እንዳለ፣ ዋጋውና ቅናሹ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ጊዜና መኪና ያለው ወላጅ በ12ቱም ቦታ ይጫወታል፤ የሌለው በሁለት ወይም በሦስት።

ለሁለተኛ ደረጃ በተለይ ባነከር፣ ስኩል ዊዝአውት ዎልስ ወይም ማኪንሊ ቴክ የሚፈልግ ከዕጣ ውጭ የሆነ መመዘኛ አለበት፤ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ውጤት፣ እንደ ትምህርት ቤቱም ድርሰትና የመምህር ምስክርነት። የሚዘጋው አንድ ወር ቀድሞ ስለሆነ መምህሩን ከገና በፊት መጠየቅ ይሻላል።

አማርኛን በተመለከተ ዲሲ ከብዙ ከተማ ትሻላለች። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ወደ አገልግሎቱ ስልክ ደውሎ «አማርኛ» ማለት ይበቃል። የ10 ዓመት ልጅ ለእናቱ የነዋሪነት ደንብ ሲያስተረጉም ማየት የተለመደ ነው፤ አያስፈልግም፣ ልጁ የቃሉን ክብደት አያውቀውም። ትርጉም የማይፈታው ነገር ግን አለ። «ባውንደሪ»፣ «ፕሮክሲሚቲ»፣ «ሲብሊንግ ኦፈርድ» የሚሉት ቃላት አማርኛ ሲሆኑም አሠራራቸውን የማያውቅ አይገባውም። የመጨረሻውን ብቻ እንፍታው፤ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ሲያመለክቱ አንደኛው አንድ ትምህርት ቤት ከደረሰው ሌላው እዚያው ቅድሚያ ያገኛል። ይህ የሚሠራው ሁለቱም ማመልከቻ በአንድ አካውንት ሥር ሲሞላና ያ ትምህርት ቤት በሁለቱም ዝርዝር ላይ ሲኖር ነው። ለአንዱ በአባት ኢሜይል፣ ለሌላው በእናት ኢሜይል የሞላ ቤተሰብ ይህን ቅድሚያ ሊያጣ ይችላል።

ወረፋ ላይ የቀረ ልጅ ተስፋ አይቁረጥ። ሜይ 1 ሲያልፍ ያልተመዘገቡት ቦታ ይለቀቃል፤ ጁን ላይ ሰው ወደ ሜሪላንድ ይዛወራል፤ ኦገስት መጨረሻና ትምህርት የሚከፈትበት ሳምንት ላይ ደግሞ ወረፋው በብዛት ይንቀሳቀሳል። ትምህርት ቤቱ ይደውላል ወይም ኢሜይል ይልካል፣ መልስ የሚጠብቀውም ጥቂት ቀን ብቻ ነው። በዚያው ኦገስት ብዙ ቤተሰብ አገር ቤት ነው፤ የዲሲው ስልክ ጠፍቶ ኢሜይሉም ሳይከፈት ተራው ለሚቀጥለው ይሄዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት አካውንቱ ላይ ገብታችሁ ዲሲ የሚቀር የታመነ ሰው ስልክ በሁለተኛነት አስመዝግቡ፤ የነዋሪነት ወረቀቱንም ኮፒ ተዉለት።